ልጄ የአባቷን አገር ልብስ ካልለበስኩ እያለች ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ውይይት የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ መልሱ እየረዘመ ሲሄድ ዘግይተው የሚገቡ ሰዎች ከላይ የተባለውን ሳያዩ አንዱን ነገር ደጋግመው ስለሚጠይቁ ጥያቄዬንም የመጡትን መልሶችም በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ሰብስቤ ላስቀምጥ ብዬ ነው። የሰው ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ ሐሳቡን ነው የያዝኩት፣ ያልተስማማሁበት ቦታ ላይም የራሴን ብያለሁ።

መነሻ ጥያቄዬ

የምንኖረው እንግሊዝ አገር ሌስተር ነው። ባለቤቴ ጉጃራቲ ነው፣ ዘሩ ከምዕራብ ሕንድ ከጉጃራት ይሁን እንጂ ቤተሰቦቹ ሕንድን ከለቀቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፣ ካምፓላ ሱቅ ነበራቸው። ኢዲ አሚን በ1972 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) እስያውያንን በ90 ቀን ውስጥ ውጡልኝ ሲል ሁሉን ጥለው ወደ ብሪታንያ ከገቡት 28 ሺህ ገደማ ሰዎች መሃል ናቸው። ያኔ የሌስተር ምክር ቤት እዛው ኡጋንዳ ጋዜጣ ላይ ወደኛ ከተማ አትምጡ ብሎ ማስታወቂያ እስከማውጣት ደርሶ ነበር። እነሱ ግን መጡ። ዛሬ ቤልግሬቭ ሮድ ላይ ሳሪ ቤቱ፣ ወርቅ ቤቱ፣ ጣፋጭ ቤቱ ተደርድሮ ሰፈሩ ወርቃማው ማይል ይባላል፣ ዲዋሊ የሚሉት የመብራት በዓል ሲደርስ ደሞ ከሕንድ ውጪ ከሚከበሩት ትልልቆቹ አንዱ እዚሁ መንገድ ላይ ነው።

አማቴ ከካምፓላ ሲወጡ ይዘዋት ከወጡት ጥቂት ነገር ውስጥ አንዲት ቀይ የባንዳኒ ጨርቅ፣ ማለት በክር እየታሰረ የሚነከር ባለ ነጥብ ጨርቅ፣ አለች። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እሳቸውን ባ ነው የምትላቸው፣ ጉጃራቲዎች አያትን እንደዛ ነው የሚጠሩት። ባለፈው ናቭራትሪ፣ ማለት ዘጠኝ ሌሊት ጋርባ የሚጨፈርበት በዓል፣ ባ ያቺን ጨርቅ ኦድኒ አድርገው ሙሉ ቻንያ ቾሊ አሰፉላት። ቻንያው ሰፊ ጉርድ ነው፣ ቾሊው ከኋላ በገመድ የሚታሰር አጭር ሸሚዝ፣ ኦድኒው ትከሻ ላይ የሚጣለው ነው። የጉርዱ ጫፍ ዙሪያውን የአስር ሳንቲም ገንዘብ የሚያህሉ ክብ መስታወቶች ተሰፍተውበታል፣ ሙጫ የሚባል የለውም፣ እያንዳንዷ መስታወት ዳር ዳሯን በክር ተቆልፋ ነው የቆመችው። ልጄ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ በጣቷ ትነካካቸዋለች፣ አንዷ ክሯ ሲላላ ከሁላችን በፊት ያየችው እሷ ነች፣ ወደ ባ ይዛት ሮጠች፣ ባ ደሞ አልሰፉላትም፣ መርፌውን አስያዟትና ራሷ እንድትቆልፈው ጎን ጎኗ ተቀመጡ።

ከዛን ጊዜ ወዲህ ሌላ ልብስ አይታያትም። አሁን ስኩሏ ዩኒፎርም የማይለበስበት ቀን አለ፣ በሱ ቀን ቻንያ ቾሊዬን ለብሼ ነው የምሄደው ብላ ቁርጥ አድርጋለች። እኔ ደስ ብሎኛል ግን ሁለት ነገር ይከነክነኛል። አንደኛ የኔ ዘመዶች ፎቶዋን ባዩ ቁጥር ልጅቷን ሕንድ አደረግሻት ይሉኛል። ሁለተኛ ነገርየው የአንድ ቀን ማስመሰያ ሆኖ እንዳይቀር፣ እንዲገባት እፈልጋለሁ፣ እንዴት እንደማደርገው ግን አላውቅም። የልጅ ነገር የገባችሁ እስቲ በሉኝ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መልስ አዲስ አበባ ካሉ አንድ ጋሼ ነው የመጣው፣ በጣም በአክብሮት ነው የጻፉት። በጃንሆይ ጊዜ ሃይስኩል ሲማሩ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሯቸው ሕንዶች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ከደቡብ ሕንድ ከኬራላ የመጡ፣ ሴቶቹ አስተማሪዎች በየቀኑ ሳሪ ለብሰው ነው ብላክቦርድ ፊት የሚቆሙት፣ በቾክ ሲጽፉ ትከሻቸው ላይ ያለውን ጫፍ በግራ እጃቸው ሰብሰብ ያደርጉት እንደነበር እስከዛሬ ያስታውሳሉ። ተማሪው መጀመሪያ ሰሞን ይንሾካሾክ ነበር፣ አንድ ሴሚስተር ሳይሞላ ግን ማንም ልብሱን ማየት ተወ፣ ምክንያቱም አስተማሪዋ ራሷ እንደ ልዩ ነገር አልያዘችውም፣ የሥራ ልብሷ ነው። ልጅሽም አዘውትራ ከለበሰችው ጓደኞቿ በዛው ይለምዱታል ብለው መርቀው ዘጉ። ሃምሳና ስልሳ ዓመት የሞላቸው ብዙ አንባቢዎች እዚሁ ሥር እየገቡ የአስተማሪዎቻቸውን ስም ሲጠራሩ ዋሉ፣ ደስ የሚል ነበር።

መልስ 2

ማንችስተር ያለች የሦስት ልጆች እናት ቀጥታ ወደ ሥራው ነው የገባችው። ሳሪ ለልጅ ስታለብሺ አለችና መጀመሪያ ውስጡን አገላብጠሽ እዪው ነው ያለችው፣ የብረት ክርና የመስታወት ስፌት ያለበት ልብስ ከጀርባው ይቧጥጣል፣ ልጅ አንዴ ካሳከካት ሁለተኛ አትለብስልሽም፣ ስለዚ ስስ ጥጥ ገበር አስገቢበት፣ የወገቡን ገመድ ደሞ ሰፋ ባለ ላስቲክ ቀይሪው፣ ሽንት ቤት ስትሄድ ቋጠሮ እየፈታች እንዳትሰቃይ። ትከሻ ላይ የሚጣለውን በሁለት መርፌ ቁልፍ ያዢው። በመጨረሻ የጻፈችውን ግን ሁሉም ወላጅ ያንብበው፦ ዲዋሊ ላይ የዘይት መብራት መሬት ላይ ነው የሚደረደረው፣ የልጅ ጉርድ ደሞ ሰፊ ነው፣ ናይለን መረብ የሆነው በርካሽ የሚሸጠው ልብስ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ እሳት ባለበት ጥጥ ይሁን፣ ኦድኒው ተጠቅልሎ ወገብ ላይ ይታሰር። እኔ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር፣ ለአማቴ ስነግራቸው እሳቸው ድሮም ለዛ ነው የምናስረው አሉኝ።

መልስ 3

እዚህ ላይ ነው አየሩ የተቀየረው። አንድ ሰውዬ ከዋሽንግተን አካባቢ ይመስለኛል፣ ያለ ሰላምታ ነው የጀመረው። የልጅቷ እናት ሐበሻ ሆና እያለች ስለ ሕንድ ልብስ አማርኛ መድረክ ላይ መጻፍ ምን ማለት ነው፣ ጥበቡ የት ሄደ፣ ልጅቷ የሐበሻ ቀሚስ አላት ወይ፣ አማርኛስ ትሰማለች ወይ፣ እያለ አከታትሎ ጠየቀ። የአባት ወገን አያት ቅርብ ስለሆኑ የእናት ወገን እየተዋጠ ነው፣ ጥፋቱም የእናትየው ነው የሚል ድምዳሜ ነው የያዘው። ላይክ ብዙ አገኘ። እኔም ወዲያው አልመለስኩለትም፣ ሌሎች እንዲያወሩ ተውኩት።

መልስ 4

ይሄኛው ቁም ነገር ያለበት ነው። ሕንድ አገር ቪሻካፓትናም ከተማ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ሲሠራ ቤተሰቡን ይዞ የኖረ ኢትዮጵያዊ መምህር ነው፣ ሴት ልጁ አንደኛ ክፍል የገባችው እዛ ነው። በትህትና መልስ 2ን አረማት፣ ሳሪና ቻንያ ቾሊ አንድ አይደሉም፣ ሳሪ ማለት ያልተሰፋ ከአምስት እስከ ስምንት ሜትር የሚደርስ ጨርቅ ነው፣ ማሃራሽትራ ውስጥ ረጅሙን በእግር መሃል አሳልፈው ያስሩታል፣ ዛሬ ብዙው ሴት የሚለብስበት ኒቪ የሚባለው አስተሳሰር ደሞ የመጣው እሱ ከኖረበት ከአንድራ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ሜትር መጠቅለል ስለማይሆን የትኛውም ክፍለ አገር ለልጆቹ የተሰፋ ጉርድና ሸሚዝ አለው። ታሚል ናዱ ውስጥ ፓቱ ፓቫዳይ የሚሉት ከሐር የሚሠራ ነው፣ የአንድራዎቹ ቴሉጉዎች ላንጋ ይሉታል፣ ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ በላንጋው ላይ ግማሽ ሳሪ ተጨምሮላት ቤተዘመድ ተጠርቶ ይደገሳል። ወንዶቹም አልቀሩም፣ በደቡብ ነጭ ቬሽቲ፣ በሰሜን ኩርታ፣ ጉጃራት ውስጥ ለጋርባ ደረቱ ጋ እየተሸበሸበ የሚሰፋ ኬዲዩ።

የሱ ነጥብ ምንድነው፣ የሕንድ ልብስ ብሎ በጅምላ ማልበስ አይጠቅምም፣ ልጅቷ የማን ወገን እንደሆነች የሚነግራትን ነው ማልበስ። የሱ ልጅ ላንጋ የለበሰችው ጎረቤቶቿ ቴሉጉ ስለሆኑና ለሳንክራንቲ በዓል ስለጠሯት ነው፣ አገር ቤት ሲመለሱ ግን ልብሱ ጠበባት፣ ማስታወሻ ሆኖ ቀረ፣ ምክንያቱም እዛ የምትዛመደው ሰው የላትም። የናንተዋ ግን ባ አሏት አለኝ። እኔ በዚህ መልስ ብዙ ተጽናናሁ። ያስጨነቀኝ ማስመሰል የሚለው ነገር ልብሱ ውስጥ እንዳልሆነ ገባኝ፣ ልብሱን የሚለብስ፣ የሚያስርላት፣ አብሯት የሚጨፍር ሰው ካለ ማስመሰል አይሆንም፣ ሰው ከሌለ ግን የፈለገ ውድ ሐር ቢሆን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀረው።

መልስ 5

ውይይቱ ትንሽ ሳተ። አንድ ልጅ ድሮ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የሕንድ ፊልም ሲታይ ሰዉ እንዴት ያለቅስ እንደነበር አነሳ፣ ከሱ ሥር ብዙ ሰው ዘፈን እየጠቀሰ ተከተለ። አልጠላሁትም ግን ጥያቄዬ ጋር ስለማይገናኝ አልፈዋለሁ።

መልስ 6

እስራኤል አገር ያለች እህታችን ለመልስ 3 ነው የመለሰችው፣ ቆጣ ብላ። እዛ የቤተ እስራኤል ልጆች ሲግድ ሲደርስ ስኩል የሐበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ ኑ ይባላሉ፣ ሲግድ በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኗልና ይሄ በራሱ ጥሩ ነው፣ ግን የሷ ልጅ በዓመት አንድ ቀን ክፍል ፊት ቆማ ቀሚሷን እንድታሳይ ከመደረጓ በቀር ሌላ ጊዜ የሚያስታውሳት የለም፣ ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ አልለብስም አለች። ስለዚ ልብስ ያላትን ልጅ ለምን ለበሰች ብሎ ከመቆጣት የኛ ልጆች ለምን እንደሚያወልቁ መጠየቅ ይሻላል፣ አንዱን ባህሏን በፍቅር የለመደች ልጅ ሌላኛውን ስታሳያት እጇን ትዘረጋለች ነው የምትለው። በአነጋገሯ ሰውዬውን ትንሽ ሰድባዋለች፣ እሱን ትቼዋለሁ።

መልስ 7

አንድ ወንድም ሃይማኖቱን አነሳ። ግንባር ላይ የሚደረገው ነጥብና ጋርባው ጣዖት ማምለክ አይደለም ወይ፣ ክርስትና የተነሳች ልጅ ይሄን እንዴት ትለብሳለች ብሎ ጠየቀ። አጠያየቁ የማፌዝ አልነበረም፣ ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ከሱ ሥር የገቡት ግን ተሳደቡ፣ ሁለት መልስ በአድሚን ተሰርዟል።

መልስ 8

ዲያቆን እንደሆነ የነገረን አንድ ልጅ ለመልስ 7 እርጋታ ባለው መንገድ መለሰ። ልብስና አምልኮን ለዩ ብሎ ነው የጀመረው። ኬራላ ውስጥ ከሐዋርያው ቶማስ ጊዜ ነን የሚሉ ክርስቲያኖች አሉ፣ ከነሱ አንዱ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከኛ ተዋሕዶ ጋር በእምነት አንድ ነው፣ ጃንሆይ በ1965 አዲስ አበባ ላይ የጠሩት የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ ከኛ፣ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን ጋር ተቀምጠዋል። የነዛ ክርስቲያኖች አሮጊቶች ቻታና ሙንዱ የሚባል ሙሉ ነጭ ልብስ ነው የሚለብሱት፣ ከወገብ በታች የሚታሰረው ከኋላ እንደ ማራገቢያ ተተንትኖ ይታጠፋል። ሠርግ ላይ ሙሽራው ለሙሽሪት ማንትራኮዲ የሚሉትን ሳሪ ይሰጣታል፣ አንገቷ ላይ የሚያስርላት የወርቅ ጌጥም ከዛው ሳሪ በተመዘዘ ሰባት ክር ነው የሚንጠለጠለው። ይሄ ሁሉ የሕንድ ልብስ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ደሞ።

ጋርባን በተመለከተ ግን አላለሳለሰውም፣ ጭፈራው በሸክላ ውስጥ በበራ መብራት ወይም አምባ በምትባለው እንደ እናት በምትመለክ ሴት አምላክ ምስል ዙሪያ ነው የሚዞረው፣ ናቭራትሪም የእናት አምላክ በዓል ነው፣ ዩኔስኮ በ2023 ጋርባን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበውም ይሄው ተጠቅሷል፣ ስለዚ ወላጆች ቻንያውን ስለመልበስና በዓሉን ስለማክበር ለየብቻ ተነጋገሩ አለ። ትክክል ነው። እኛ ቤት ተነጋግረንበታል፣ የወሰንነው የቤታችን ነው፣ እዚህ አልዘረዝረውም።

መልስ 9

ለንደን ያለ የሕግ ባለሙያ ስለ ስኩል ዩኒፎርም አብራራ። በርሚንግሃም ውስጥ አንድ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ልጅ ጥምጥሙን አውልቆ ጸጉሩን ካልተቆረጠ አንቀበልም ተብሎ አባትየው ከስሰው፣ በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ተሸንፈው፣ በ1983 ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ሲኮች በዘር ግንኙነት ሕጉ የሚጠበቁ ወገን ናቸው ብሎ ፈረደላቸው። ትንንሾቹ የሲክ ልጆች ዛሬ ስኩል ፓትካ የሚባለውን አጠር ያለ መሸፈኛ አድርገው የሚገቡት እንዲህ ያለ ትግል ስለተደረገ ነው። የናንተ ጉዳይ ግን ከዛ ይለያል አለኝ፣ ጥምጥም ለሲክ ግዴታ ነው፣ ቻንያ ቾሊ የበዓል ልብስ ነው፣ በአዘቦት ቀን ዩኒፎርም ልበሺ ብትባል መብቷ ተነካ አይባልም፣ ዩኒፎርም በማይለበስበት ቀን ግን ከልካይ የለባትም። ስኩሏን ጠየቅኳቸው፣ ስኒከር ታድርግ፣ ስፖርት ካለ ትቀይር ከማለት ውጪ ምንም አላሉም።

መልስ 10

ኒው ጀርሲ ያለ ሰው የጻፈው ከባድ ነው። በ1987 ጀርሲ ሲቲ ላይ ራሳቸውን ነጥብ አጥፊዎች ብለው የሰየሙ ጎረምሶች ሕንዶችን እያሳደዱ ይደበድቡ ነበር፣ ስማቸውን የወሰዱት ሴቶቹ ግንባር ላይ ካለው ነጥብ ነው፣ መንገድ ላይ ሂንዱ ካየን እንመታለን ብለው ለጋዜጣ ደብዳቤ እስከመላክ ደርሰዋል፣ ተደብድቦ የሞተም አለ። የሱ ሕንዳዊ የሥራ ባልደረባ ያኔ ልጅ ነበረች፣ እናቷ ሳሪውን አጣጥፋ ካልጋ ሥር ከታው ለረጅም ጊዜ ሱሪ ብቻ እንደለበሰች ነግራዋለች። ዛሬ እዛው ኒው ጀርሲ ኤዲሰን ሱቁ ሁሉ ሳሪ ነው፣ ኒው ዮርክም በ2023 ባወጣችው ሕግ ዲዋሊ የከተማዋ ስኩል የሚዘጋበት ቀን ሆኗል። ስለዚ አያቶች ልጆቻቸውን ሲያለብሱ ያን ሁሉ ያውቃሉ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ለብሳ ስትወጣ አያቷ ለምን እንደሚያለቅሱ አትደነቂ ብሏል። ባ አልቅሰዋል አላልኩም ነበር። ግን አልቅሰው ነበር።

መልስ 11

ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ የተማረ ልጅ ስለ ባንዳኒው ጻፈ፣ እኔ ከሁሉም ደጋግሜ ያነበብኩት ይሄን ነው። ጨርቁ በጥፍር ቁንጥር ቁንጥር እየተደረገ በክር ይታሰራል፣ አንድ ኦድኒ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቋጠሮ ሊኖር ይችላል፣ ከዛ ቀለም ውስጥ ይነከራል፣ የታሰረው ቦታ ቀለም ስለማይገባው ሲፈታ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ሌላ ቀለም ከተፈለገ እንደገና ታስሮ እንደገና ይነከራል። ጉጃራት ውስጥ ካችና ጃምናጋር በዚህ የታወቁ ናቸው። እውነተኛውን ከማተሚያ ማሽን ከወጣው ለመለየት ጨርቁን እዪው አለ፣ የታሰረበት ቦታ ሽብሽብ ብሎ ጉብ ጉብ ይላል፣ የነጥቡም ዙሪያ ልክ አይደለም፣ አንዳንድ ነጋዴ እንደውም ቋጠሮውን ሳይፈታ ነው የሚያቀርበው፣ ገዢው ፊት ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲስቡት ክሩ ጠሽ ጠሽ እያለ ይበተናል። የታተመው ግን ልሙጥ ነው። የባን ጨርቅ አውጥቼ አየሁት፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ተለብሶም ተተኩሶም ጉብ ጉቡ አልጠፋም።

ቀጥሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ወሰደን። ከውጪ በማሽን ታትሞ የሚገባው ጥበብ መሳይ ጨርቅ የዶርዜ ሸማኔዎችን ገበያ እንዴት እንደተሻማ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሕንድም ያው ችግር አለ፣ በ2019 እና 20 በተደረገው ቆጠራ በእጅ ሽመናና ተያያዥ ሥራ ላይ ያለው ሰው ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ነው፣ አብዛኛው ሴት። መንግሥታቸው ከ2015 ጀምሮ ኦገስት 7ን የእጅ ሽመና ቀን አድርጎታል፣ ቀኑ የተመረጠው በ1905 ካልካታ ላይ የእንግሊዝን ጨርቅ አንገዛም የሚለው የስዋዴሺ ንቅናቄ የታወጀበት ስለሆነ ነው። ልጅን ቅርስ ካለበሳችሁ አይቀር አንድ ይሁን፣ እጅ የሠራው ይሁን ብሎ ጨረሰ።

መልስ 12

አንዲት ነጋዴ ስልኳን ለጥፋ የታተመውን በግማሽ ዋጋ አለኝ አለች። ከመልስ 11 ቀጥሎ መሆኑ ሰዉን አናደደው። አድሚን አወረደው። ይሁንና አንዲት ሴት እጅ የሠራውን ለመግዛት አቅም የሌላት እናት ምን ታድርግ ብላ ጠየቀች፣ ልክ ነች፣ ልጅ በዓመት ነው የሚያድገው። መልስ 17ን ጠብቁ።

መልስ 13

ዱባይ ሕንዶች ቤት ስትሠራ የኖረች እህታችን ናት። ቤተሰቡ ከኬራላ ነው፣ ሁለቱን ሴት ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያሳደገቻቸው እሷ ነች። ኦናም የሚሉት በዓላቸው ሲደርስ ቤቱ በራፍ ላይ በአበባ ቅጠል ክብ ይሠራል፣ ምግቡ በሙዝ ቅጠል ይቀርባል፣ ለሁሉም አዲስ ልብስ ይገዛል፣ ለሷም ይገዙላት ነበር። የልጆቹ ልብስ ጫፉ ወርቃማ የሆነ ክሬም ቀለም ያለው ካሳቩ ነው። ልብሱ ስታርች ስለሚደረግ ትንሽ እርጥበት ሲኖረው ነው የሚተኮሰው፣ ወርቃማው ጫፍ ላይ ካውያው በቀጥታ አያርፍም፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋበት ነው የምትተኩሰው፣ ጃስሚኑ ደሞ በሹሩባቸው ላይ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በጎን ዞሮ ነው የሚሰካው፣ ያለበለዚያ ሲሮጡ ይረግፋል። እናትየው ሥራ ስለምትውል ይሄን ሁሉ ከሷ በላይ የምታውቀው እኔ ነበርኩ ትላለች። ትልቋ ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ባለፈው ኦናም ቪዲዮ ደውላ እጥፋቱን እንዴት ነበር የምታደርጊልኝ ብላ ጠይቃት፣ በስልክ አስተማረቻት።

እኔ እዚህ ጋ ላይክ አድርጌ ማለፍ አልቻልኩም፣ እንዲህ አድርገው የሰው ልጅ ባህል ያሳደጉ ስንት እህቶቻችን በየአረብ አገሩ አሉ፣ የራሳቸውን ልጅ ግን በስልክ ነው የሚያሳድጉት። ብዙ ሰው አመሰገናት። ይገባታል።

መልስ 14

ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ነች፣ የኛው ልጅ፣ አውሮፓ ያደገች። በጣም ቆጥባ ግን በጣም ስል አድርጋ ነው የጻፈችው። እሷ የሐበሻ ቀሚሷን የጠላችው በልብሱ አይደለም፣ እናቷ ባለበሰቻት ቁጥር ፎቶ አንስታ ስለምትለጥፍ፣ የማታውቃቸው ትልልቅ ሰዎች ከታች ስለሚጽፉ ነው። ለኔም በቀጥታ ጠየቀችኝ፣ ዘመዶችሽ ፎቶዋን አይተው አሉኝ ብለሻል፣ ፎቶውን የላክሽው ልጅቷን ጠይቀሽ ነው ወይ አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ልጄን ጠየቅኳት፣ ለባና ለአያቴ ይላክ፣ ለሌላ ሰው አይላክ አለች። ከዛ ወዲህ በዛው ነው የምንሄደው።

መልስ 15

የመልስ 3 ሰውዬ ተመልሶ መጣ። መልስ 6 ሰድባኛለች ብሎ ከሷ ጋር ብዙ ተባባለ። ከዛ ወደኔ ዞሮ ጥያቄዬ አልተመለሰም፣ ልጅቷ የሐበሻ ቀሚስ አላት ወይስ የላትም አለ።

መልሴን እዚሁ ልድገመው። አንድ አላት፣ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች እናቴ የላከችላት፣ አሁን እጅጌው አይገባትም። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ እንግሊዝኛ ትቀላቅላለች። የኔ ወገን አዲስ አበባ ነው፣ የአባቷ ወገን ሁለት መንገድ አልፎ ነው፣ ልጅ የሚቀርባትን ነው የምትይዘው። ልጄን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ሕንዱ ስንት ኪሎ፣ ሐበሻው ስንት ኪሎ እያልኩ አላሳድጋትም። የባን ልብስ እንድታወልቅ ማድረግ የናቴን ቀሚስ አያለብሳትም። አለመላኬ ግን የኔ ሥራ ነው፣ እሱን እሠራዋለሁ።

መልስ 16

አንዲት ትልቅ ሴት ሁለቱንም ገሰጹ፣ ሰውዬውንም የእስራኤሏንም። ልጅ ያለበት ወሬ ላይ ሰው አይሰዳደብም አሉ፣ ሰውዬው ላይክ አደረገላቸው፣ ከዛ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 17

በርሚንግሃም ያለች ልብስ ሰፊ፣ መልስ 12 ሥር ለጠየቀችው እናት ነው የመለሰችው። ውድ ጨርቅ ለልጅ መግዛት የሚያስፈራው ቶሎ ስለሚያጥር ነው፣ ሕንዶቹ ግን ይሄን ድሮ ፈተውታል፣ ታሚሎቹ የሐሩን ጉርድ ሲያሰፉ ከጫፉ ከፍ ብሎ ሁለት ሦስት እጥፋት ወደ ውስጥ ይተዋሉ፣ ልጅቷ ባደገች ቁጥር አንዱ ይፈታል፣ አንድ ልብስ ዓመታት ይሄዳል። ሸሚዙ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ይተውለት፣ ወገቡ በላስቲክ ይሁን፣ ለቻንያም ይሠራል፣ መስታወት ያለበት ጫፍ ስለማይነካ እንደውም ይቀላል። እጥፋቱ ግን በትልልቅ ስፌት ይያዝ፣ በጠባብ ከተሰፋ ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ሐር ላይማ አይጠፋም።

ይሄን ለባ አሳየኋቸውና ቻንያው ላይ ሁለት እጥፋት እንዳለ አወጡልኝ፣ አሰፍተው ሲያመጡት ነበረ፣ እኔ አላየሁትም። ለሚቀጥለው ናቭራትሪ አንዱ ይፈታል።

እናቴ ጋ ደውያለሁ፣ ለገና የሚደርስ ቀሚስ ልታሰፋላት ነው፣ ቁመቷንና የትከሻዋን ልኬት ልኬላታለሁ። ጥበቡ ጫፉ ላይ ስለሚሆን እጥፋቱ ከጥበቡ በላይ ባለው ሸማ ላይ መግባት አለበት፣ ሸማ ደሞ ስስ ስለሆነ ከውጪ ይታያል ብላ የሰፈራችን ሰፊ አስቸግራለች። ሽሮ ሜዳ ለልጅ እንደዚህ አድርጎ የሚሰፋ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።